አንዲት ቃል ለማረም፦ ከወልቂጤ እስከ ሱሉልታ

ለምን ደውዬ አልጠየቅኩም? ከመነሣቴ በፊት ራሴን ጠይቄዋለሁ፣ በየመኪናው ላይም ጠይቄዋለሁ፤ ተመልሼ ይህን ስጽፍም መልስ አላገኘሁለትም።

ወልቂጤ ውስጥ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ማባዣ ሱቅ አለኝ። ለአንድ የሠርግ መጥሪያ ሦስት ጊዜ የምደውል፣ ነጠላ ሰረዝ የት ይግባ ብዬ ማመልከቻ አስጻፊውን የማማርር ሴት ነኝ። ያላመንኩበት ቃል ሲገጥመኝ ዳሩ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጌ እጠይቃለሁ እንጂ የሰው ቃል በራሴ ሥልጣን ነክቼ አላውቅም። አንዲት ቃል ላይ ግን እጄን ሰደድኩ።

ቃሏ የመምህር ታደለ ነበረች። በሃያ ስምንት ዓመቴ የማታ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ስገባ ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ ኋላም ሳይንስ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። ጡረታ ወጥተው ሱሉልታ ልጃቸው ሰናይት ዘንድ ከገቡ በኋላ፣ የዕለት ርዝመት ለምን እንደሚለዋወጥ የሚያስረዳ ትንሽ መጽሐፍ ለተማሪዎች በእጃቸው ጻፉ። በክረምትና በበጋ ቀንና ሌሊቱ የሚበላለጡትን አይደለም የሚያወራው። ምድር በራሷ ላይ አንዴ ዞራ የምትጨርስበትን፣ እኛ ሃያ አራት ሰዓት ብለን የዘጋነውን ጊዜ ነው። እሱም ቢሆን ልክ ሃያ አራት ሆኖ አይቀመጥም፤ በሰከንድ ሺህኛ ክፍል እያጠረ እየረዘመ ይኖራል።

ዘጠነኛው ገጽ ላይ "በጥንት ዘመን አንድ ዕለት ከዛሬው ያጥር ነበር" ይላል። ጥቂት መስመር ዝቅ ብሎ ደግሞ "በቅርብ ዓመታት ምድር ፈጠን በማለቷ ዕለቱ በጥቂቱ አጥሯል" ይላል። ሁለቱ ተጋጩብኝ። አሁን ካጠረ ድሮ ይረዝም ነበር ማለት ነዋ! እናቴም ብትሆን "የድሮ ቀን ገበያ አድርሶ መልሶ ለወሬም ይተርፍ ነበር" ስትል ነው ያደግኩት። "ያጥር" የሚለውን "ይረዝም" ብዬ ጻፍኩ፤ አምሳ ቅጂ አባዝቼ፣ ጠርዤ ላክሁ። ጋሼም ወዳጆቻቸው ለሚሠሩባቸው ትምህርት ቤቶች፣ ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ አደሉት።

በሦስተኛው ሳምንት ጋሼ ደወሉልኝ። አንድ የፊዚክስ አስተማሪ ስህተቱን አግኝቶባቸዋል።

"ብርቄ፣ ገጽ ዘጠኝን አየሁት" አሉኝ። "አርባ ዓመት ያስተማርኩትን ገልብጬ ጽፌዋለሁ። መቼ እንደጻፍኩት፣ ምን እያሰብኩ እንደጻፍኩት አላውቅም። አእምሮዬ እየከዳኝ ነው ልጄ።"

የመጽሐፉን ሁለተኛ ክፍል መጻፍ እንደተዉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰፈር ላሉ ተማሪዎች ይሰጡት የነበረውን ትምህርትም እንዳቆሙ ነገሩኝ። ከአፌ የወጣው "ቅጂዎቹን እኔ ዞሬ አርማለሁ" የሚል ብቻ ነበር። የእጅ ጽሑፋቸው ያለው እኔ ዘንድ ነው፤ ሌላ ቅጂ የላቸውም። እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። በአካል ቀርቤ እነግራቸዋለሁ ብዬ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተነሣሁ።

*ማክሰኞ*

ኅዳር ነው። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መናኸሪያ ደረስኩ። ቦርሳዬ ውስጥ አውራ ጣት የሚያካክሉ፣ "ያጥር" የሚል የታተመባቸው የማረሚያ ወረቀቶች፣ አንድ ብልቃጥ ሙጫ፣ መቀስ፣ የጋሼ የእጅ ጽሑፍ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ከላይ ደግሞ ለእሳቸው የያዝኩት ቆጮ ነበር።

ወሊሶን አልፈን ቱሉ ቦሎ ልንገባ ስንል መኪናው መሽተት ጀመረ። ረዳቱ ወርዶ የኋላውን ጎማ ነካና እጁን እያርገበገበ ተመለሰ።

"ፍሬኑ ይዞ ቀርቷል! ይህን ሁሉ መንገድ ታንቆ ነው የመጣው!"

"እኛም ታንቀን ነው የመጣነው፤ አራት አራት ጭናችሁ" አሉ ከኋላ አንድ እናት፤ ሁሉም ሳቀ።

ወርደን ሜዳ ላይ ተቀመጥን። እኛ ዘንድ ዓመቱን ሙሉ እንሰቱ አረንጓዴ ስለሆነ ወራቱን ከደጅ አይቶ መለየት ያስቸግራል፤ እዚህ ጤፉ እየታጨደ ነው፤ ዐይን እስኪደክም ወርቃማ ነው። ጎማው እስኪቀዘቅዝ ስንጠብቅ ጋሼ ስለ ጨረቃ የጻፉት ትዝ አለኝ። ጨረቃ የውቅያኖሱን ውሃ ትስባለች፤ ውሃው ሲነሣና ሲወርድ ከምድር ጋር ይፋተጋል፤ ያ ፍትጊያ እንደ ፍሬን ምድርን ያዘገያታል። ፍሬኑ ከጥንት ጀምሮ አልተለቀቀም። ስለዚህ ድሮ ምድር ትፈጥን ነበር፣ ዕለቱም ያጥር ነበር። ይህን ሁሉ በገዛ ጣቶቼ ጽፌዋለሁ፤ ስጽፈው ግን አላነበብኩትም ማለት ነው።

ሰበታ ስደርስ እኩለ ቀን አልፏል። ያሳደረችኝ አስቴር ናት። የወላይታ ልጅ ናት፤ ወልቂጤ ሳለች ጎረቤቴ ነበረች፤ አሁን ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች። ቤቷ ግቢ ውስጥ ከተደረደሩት አንዲት ክፍል ናት። እኛ ዘንድ ጓሮ የሌለው ቤት ቤት አይባልም። አስቴር ግን በሁለት የዘይት ጀሪካን ላይ ጎመን ተክላ "ይኸው ጓሮዬ" አለችኝ። በቆሎ ቂጣ በዚያው ጎመን አቀረበች፤ የሚያቃጥለውን ዳጣ ስቀምስ እንባዬ ወረደ፤ እሷ በሳቅ ሞተች።

ከምሳ በኋላ ቦርሳዬን ስከፍት ሙጫው ፈንድቶ አገኘሁት። የማረሚያ ወረቀቶቹ ተጣብቀው አንድ ጡብ ሆነዋል። የእጅ ጽሑፉን ላስቲኩ አዳነው። ወደ አንድ ማባዣ ቤት ሮጬ ወረቀቶቹን እንደገና አሳተምኩ፤ ያገኘሁት ሙጫ ግን ውሃ ውሃ የሚል፣ ገጹን የሚያጨማድድ ነበር። ይህማ አይሆንም አልኩ። አስቴር ምንም ሳትናገር ስቶቭ ለኮሰች፤ የስንዴ ዱቄት በውሃ አቅጥና እያማሰለች የሚያብረቀርቅ ሙጫ ሠራችልኝ።

"ይህን ሁሉ መንገድ ለአንድ ቃል?" አለችኝ እያማሰለች።

"ለአንድ ቃል።"

"ቃለ እግዚአብሔር ነው እንዴ?"

ነገሩን ሳስረዳት ማማሰያውን አቆመች። "ምድርም ትዘገያለች በይኛ! ታዲያ ነገ ከፈረቃ ሁለት ደቂቃ ብዘገይ ለአለቃዬ 'ምድርም ዘግይታለች' ልበለው?"

"ሁለት ደቂቃማ ብዙ ነው። እኔ የምልሽ የሰከንድ ሺህኛ ነው።"

"አንቺ ሴትዮ፣ ቀልድም ታርሚያለሽ?"

አመሻሹ ላይ የሌሊት ፈረቃዋ ደረሰ። ማዕዱ ፊት ቆማ ጸለየች፤ የእኔንም ስም ጠርታ "የሄደችበትን አቃናላት" አለች። የሄድኩበትን ግማሹን ብቻ ነበር የነገርኳት። አልጋዋን ለቅቃልኝ ወጣች።

*ረቡዕ*

ሰበታ የነበሩት አሥራ ስምንት ቅጂዎች ናቸው። አሥራ ሰባቱ መደርደሪያ ላይ ተገኙ፤ አንዱ አንዲት ተማሪ ዘንድ ነበር፤ ከክፍል አስጠርተው አስመጡልኝ። ልጅቷ የእኔን ስህተት በቀይ እስክሪብቶ አስምራበታለች።

"ይቺኛዋን ዓረፍተ ነገር ነው የወደድኳት" አለችኝ።

ማረሚያውን ስለጥፍ የቀዩ መስመር ጫፍና ጫፍ ብቅ ብሎ ቀረ። ሁለቴ ለጠፍኩበት፤ አልሸፈነውም።

ከዚያ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና በሁለት ታክሲ አስኮ። ወልቂጤ ከዳር እስከ ዳር በእግሬ የምጨርሳት ከተማ ናት፤ እዚህ አንዱ ከተማ አልቆ ሌላው መጀመሩን የሚያውቀው ረዳቱ ብቻ ነው። አስኮ ላይ "ቡራዩ ነው?" ስል "ግቢ ግቢ" ያለኝ ሚኒባስ የሆለታ ሆኖ ተገኘ። መስኮት ዳር ተቀምጬ የምናገረውን ስለማመድ ቡራዩ አለፈኝ። ባሕር ዛፍ፣ ባሕር ዛፍ፣ ከዚያ ሰፊ ውሃ። "ወራጅ!" ብዬ ጮኽኩ። የገፈርሳ ግድብ ነው።

የቡራዩውን የትምህርት ቤት ንብረትና መጻሕፍት ጠባቂ ኦቦ ገመቹን ደወልኩላቸው። ሃምሳዎቹን ያለፉ፣ ባርኔጣ የማይለያቸው ሰው ናቸው። "ካለሽበት እንዳትነቃነቂ" አሉኝ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በባጃጅ መጡ።

"አካም ጅርቱ፣ የወልቂጤዋ! እኛ ቡራዩ ስንጠብቅሽ አንቺ ሆለታ ልትገቢ?"

"ይቅርታ ኦቦ ገመቹ፤ ሥራ አስፈታሁዎት።"

"ራኮ ህንቀቡ፣ ችግር የለም። ኮቱ፣ ነይ፣ ውሃውን እይ ደግሞ፤ ከመጣሽ አይቀር።"

ውሃው ዳር ጥቂት ቆምን። በኅዳር ሞልቶ ነው ያለው። ጋሼ እንዲህ ያለውንም ጽፈዋል፤ ከባሕር ተነሥቶ ደጋ ላይ የተጠራቀመ ውሃ ምድር ከምትዞርበት መስመር ትንሽ ስለሚርቅ፣ የትኛውም ሰዓት ሊለካው በማይችል መጠን ምድርን ያዘገያታል። ይህንን ስነግራቸው ኦቦ ገመቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ይቺ ውሃ? ምድርን?"

"በጣም፣ በጣም በጥቂቱ።"

"እንግዲያ አዲስ አበቤ እየጠጣ ምድርን እየረዳት ነዋ! እኛ ደግሞ 'ውሃችንን ጨረሰ' ብለን እናማዋለን!"

ቤታቸው ማታ ራቱ ጨጨብሳ ነበር። እኛ ዘንድ ቅቤ በክትፎ ላይ ነው የሚታየው፤ እዚህ ቂጣው ራሱ ይዋኝበታል። ባለቤታቸው አደ ጫልቱ ሳህኔን ባዩ ቁጥር ይጨምሩልኛል። መጽሐፉ ቤታቸው ነበር፤ ኦቦ ገመቹ ዘጠነኛውን ገጽ ገለጡት።

"ይቺን ነው የምትሸፍኝብኝ? ለጎረቤት ሁሉ ያነበብኩት እኮ ይቺን ነው! አባቴ 'የድሮ ቀን ረጅም ነበር' ሲሉ እኛ እንስቅባቸው ነበር። ይኸው በመጽሐፍ መጣ ብዬ ስንቱን አፍ አስያዝኩ። አሁን አባቴን ልታስዋሺብኝ ነው?"

ስለ ድንጋይ ሆነው ስለቀሩት የባሕር ፍጥረታት ነገርኳቸው። ዛፍ በዓመት በዓመት ቀለበት እንደሚሠራ እነዚህ በየዕለቱ ስስ ቀለበት ይሠራሉ፤ የጥንቶቹ ሲቆጠሩ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ አራት መቶ የሚጠጉ ዕለታት ተገኙባቸው። ዓመቱ ያው ነው፤ ዕለቱ ስላጠረ ቁጥሩ በዛ።

"አባትዎ አልዋሹም" አልኳቸው። "ቀኑ የረዘመላቸው ሥራው ስላልበዛባቸው ነው እንጂ።"

"ኧረ ሥራማ ነበረባቸው!" ብለው ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ታዲያ ማን ገለበጠው?"

"የጽሕፈት ስህተት ነው" አልኩ።

"ለሽማግሌው አስበሽ ነው እንዲህ የምትይው፤ ገለቶሚ፣ ተባረኪ። እሳቸው ራሳቸው ግን ነግረውኛል። 'እኔ ራሴን ማመን ትቻለሁ ገመቹ፣ ከእንግዲህ መጽሐፍ እንዳትጠይቀኝ' አሉኝ። ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረጋል።"

የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩ። አደ ጫልቱ ጨው የጎደለው መስሏቸው ጨው አመጡ።

*ሐሙስ*

የቡራዩን አሥራ ስድስት ቅጂ እኔና ኦቦ ገመቹ ለጠፍን። እሳቸው የራሳቸውን ሲለጥፉ "አባቴ ይቅር ይበለኝ" አሉና ተጫኑት። የአስቴር ሙጫ አላሳፈረኝም።

ከአዲሱ ገበያ የሱሉልታ ሚኒባስ ያዝኩ። እንጦጦን ስንሻገር ብርዱ ከእግር ይጀምራል። እኔ የወይና ደጋ ነፋስ የለመድኩ ነኝ፤ ወልቂጤ ሰው በኅዳር ነጠላ ጣል አድርጎ ይቀመጣል። እዚህ ሳሩ ሜዳ ላይ ታጭዶ ተከምሯል፤ ላሞቹ እንኳ ጀርባቸው ላይ ጆንያ ለብሰዋል። ከሚኒባሱ ስወርድ ሰናይት፣ የጋሼ ልጅ፣ ለእኔ ብላ በያዘችው ጋቢ ጠቀለለችኝ።

"ከመግባታችን በፊት ልንገርሽ" አለችኝ መንገድ ላይ። "አባዬን ስታዪ እንዳትደነግጪ። ጠዋት ጠዋት ራሱን ይፈትናል። የማባዣ ሠንጠረዥ፣ የአገር ስም፣ የድሮ ተማሪዎቹን ስም። አንድም አይሳሳት! ግን አያምንም። 'መጽሐፉ ይመሰክርብኛል' ይላል። ሰኞ ሐኪም ዘንድ ልወስደው ነው። መጥፎ ነገር ቢነግሩኝስ?"

እንባዋ ፈሰሰ። እዚያው መናገር ነበረብኝ። "አይዞሽ" ብቻ አልኩ።

ጋሼ ከስተዋል። ተነሥተው አቅፈው ሳሙኝ፤ ትኩስ ወተት አስመጡልኝ፤ ቆጮውን አሽትተው "ወልቂጤ ራሷ መጣች" አሉ። ሱሉልታ የነበሩትን ቅጂዎች ከትምህርት ቤቱ ራሳቸው መልሰው ሰብስበዋል፤ አልጋቸው ሥር ነበሩ። ሦስታችን ጠረጴዛ ከበን መለጠፍ ጀመርን። ጋሼ ማረሚያውን በአውራ ጣታቸው ቀስ ብለው እየተጫኑ ሳለ ቀና አሉ።

"ይቅር በይኝ ልጄ። በእኔ ጥፋት ሱቅሽን ዘግተሽ ተንከራተትሽ።"

"ኧረ ጋሼ..." አልኩና ቀጣዩን ማረሚያ አነሣሁ። የእጅ ጽሑፉ ቦርሳዬ ውስጥ፣ እግሬ ሥር ነበር።

*ዓርብ*

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ጓሮ ወጣሁ። ሳሩ ላይ አመዳይ ወርዶ ነጭ ሆኗል፤ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ጋሼ ፀሐይ የነካው ግድግዳ ጥግ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ዐይናቸውን ጨፍነው ስም ይጠራሉ። የእኛ የማታ ክፍል ነው። በላይነሽ፣ ሙዘይን፣ ወልደማርያም... ከሥራ መጥተን ተደግፈን የምናንቀላፋውን ሁሉ በተቀመጥንበት ተራ ይጠሩታል። እኔ ሦስተኛው ረድፍ መስኮቱ ዳር ነበርኩ።

"ብርቄ" አሉ።

"አቤት" አልኩ።

ዐይናቸውን ገለጡ። ቦርሳዬን ከፍቼ የእጅ ጽሑፋቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩና ዘጠነኛውን ገጽ አወጣሁላቸው።

"ጋሼ፣ ያንብቡት።"

መነጽራቸውን አደረጉ። አነበቡ። ደገሙት። ጣታቸው "ያጥር" የምትለዋ ላይ ቆመ።

"ይህ የእኔ ጽሑፍ ነው።"

"የእርስዎ ነው። ትክክል ነው የጻፉት። የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች የተጋጩ መሰለኝ። ሳልጠይቅዎት ለወጥኩት። ሲደውሉልኝም አውቅ ነበር፤ ዝም አልኩ።"

አመዳዩ ከሣሩ ላይ ሲቀልጥ አይ ነበር፤ እሳቸውን ማየት አልቻልኩም።

"አንድ ወር ሊሞላኝ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ስቶቩን አጥፍቼ እንደሆን ሦስት ጊዜ ተመልሼ ሳይ። ልጄን ስሟን ልረሳ ነው ብዬ ስፈራ። አንቺ ይህን ይዘሽ ተቀመጥሽ?"

"አዎ ጋሼ።"

"ክፉ ነገር ነው ያደረግሽብኝ።"

"አዎ።"

ወረቀቱን አንሥተው ወደ ብርሃኑ አቀረቡት፤ እንደገና አነበቡት፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ዐይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ ግንባራቸው ላይ ያ የድሮው፣ ጥያቄ ሲያገኙ የሚያወጡት መስመር ወጣ።

"ተጋጩብኝ ነው ያልሽው? የትኛው ከየትኛው?"

"ድሮ አጭር ነበር ይላሉ፤ እየረዘመ መጣ ይላሉ፤ ደግሞ በቅርቡ አጠረ ይላሉ። እንዴት ሆኖ?"

"ጎበዝ! ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መጠየቅ ሲገባሽ መለስሽው እንጂ።" አግዳሚውን ተደግፈው ተነሡ፤ ጋቢያቸውን አውልቀው ለእኔ ሰጡኝ። "ምድር እኔ ነኝ እንበል።"

ሁለት እጃቸውን ግራና ቀኝ ዘርግተው ሣሩ ላይ ቀስ ብለው መዞር ጀመሩ። "እጄ ሲዘረጋ እዘገያለሁ" አሉ። ከዚያ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ሰበሰቡ፤ ፈጠን ብለው ዞሩ። "ሲሰበሰብ እፈጥናለሁ። ከውስጧ የቀለጠው ብረት ሲገላበጥ፣ ነፋሷ ሲለወጥ፣ ውሃዋ ከቦታ ቦታ ሲሄድ ምድር ለጥቂት ዓመት እንዲህ ትፈጥናለች፣ እንዲህ ትዘገያለች። አሁን ያለነው ፈጠን ባለችበት ላይ ነው።" ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ነው፤ አላቆሙም። "ጨረቃ ግን ሌላ ነገር ናት። ጨረቃ እንደ ዕድሜዬ ናት፤ እጄን ብሰበስብም ብዘረጋም እሷ ሥራዋን አትተውም፣ ታዘገየኛለች። ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ ይሆናሉ! አየሽ? ታዲያ ምኑ ተጋጨ?"

"አየሁ ጋሼ። ምንም አልተጋጨም።"

"አላየሽም፣ ደግሜ ላሳይሽ።"

ሲዞሩ የረገጡት እርጥብ ሣር አንሸራተታቸው፤ ተንገዳገዱ። ሰናይት ከማጀት በባዶ እግሯ ሮጣ ወጣች። "አባዬ! ምን ሆነሃል? ብርቄ፣ ያዢው እንጂ!"

ጋሼ ሚዛናቸውን ጠብቀው ቆሙ፤ እጃቸው አሁንም እንደተዘረጋ ነው።

"ተይኝ" አሏት፤ "እያስተማርኩ ነው።"